ንባብ የከበደው ልጅና የወላጅ ደብዳቤ

ልጆቻቸውን በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች፣ የሰማውን ተረት ሳያዛንፍ የሚደግም፣ ሒሳብ በቃሉ የሚያሰላ፣ በጨዋታም ከእኩዮቹ የማያንስ ልጃቸው፣ መጽሐፍ ሲከፈትለት ብቻ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ላብ በላብ ሲሆን የሚያዩበት ጊዜ አለ። ይህ ስንፍና ነው ወይስ ሌላ ነገር የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ከቤት ሳይወጣ ዓመታት ያልፋሉ። የአገሪቱ ሕግ እንዲህ ያለውን ልጅ ፈልጎ የማግኘትና የመርዳት ግዴታን በትምህርት ቤቱ ላይ የጣለ ቢሆንም፣ በተግባር ግን ያንን ግዴታ ከወረቀት ወደ ሥራ የሚያሸጋግረው በአብዛኛው ወላጁ ቀን ጽፎበት፣ ፈርሞበት የሚያስገባው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። የዚህን ደብዳቤ አስፈላጊነት ለማስረዳት በቅድሚያ የችግሩን ምንነት መግለጽ ይገባል።

ዲስሌክሲያ የሚለው ስም ችግርን ወይም መክበድን ከሚያመለክት የግሪክኛ ምዕላድና ቃል ከሚለው የግሪክኛ ስም የተገኘ ሲሆን፣ ስያሜውን በ1880ዎቹ ያስተዋወቀው ሩዶልፍ በርሊን የተባለው ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ንቁና አስተዋይ ሆኖ ሳለ ማንበብ ስላቃተው የ14 ዓመት ልጅ በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፎ ነበር፤ የልጁ መምህርም ትምህርቱ ሁሉ በቃል የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ የሚበልጥ ብልኅ ይሆን እንደነበር መስክሮለታል። ነገሩን መጀመሪያ ካጠኑት ብዙዎቹ የዓይን ሐኪሞች በመሆናቸው ችግሩ ለረጅም ጊዜ ከማየት ጋር ሲያያዝ ቆይቷል፤ ዛሬም ብዙ ወላጆች ልጃቸውን በቅድሚያ የሚወስዱት ወደ መነጽር ቤት ነው። የዓይን ምርመራ በራሱ መልካም ቢሆንም፣ ኋላ የተደረጉት ጥናቶች እንዳሳዩት የችግሩ ዋና ሥር ያለው አእምሮ የንግግር ድምፆችን ለይቶ በሚይዝበትና ከጽሑፍ ምልክቶች ጋር በሚያገናኝበት ሂደት ላይ ነው።

ይህን በአማርኛ ቃል ማሳየት ይቻላል። አንድን የ6 ዓመት ልጅ «ሰላም» የሚለውን ቃል ያለ መጀመሪያው ድምፅ እንዲናገር ቢጠይቁት፣ አብዛኛው ልጅ ከጥቂት ልምምድ በኋላ «ላም» ብሎ ይመልሳል፤ ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ግን ሁለቱንም ቃላት አሳምሮ እያወቃቸው አንዱን ከሌላው ውስጥ ነጥሎ ማውጣት ይቸግረዋል። ንባብ የሚቆመው በዚህ ድምፅን የመነጠልና መልሶ የማጋጠም ችሎታ ላይ በመሆኑ፣ መሠረቱ ሲላላ ቃል ማወቁ፣ ፊደል መጻፉና የንባቡ ፍጥነት ሁሉ ይጓተታሉ። ይህ ከማሰብ ችሎታ ጋር የማይገናኝ፣ በቤተሰብም የሚወረስ የአፈጣጠር ልዩነት ነው። ምን ያህል ልጆች እንዳሉበት የሚሰጠው ግምት እንደ ትርጓሜው ጥበትና ስፋት ይለያያል፤ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚለው በስፋት የሚጠቀስ ሲሆን እስከ 20 በመቶ የሚያደርሱትም አሉ። በልጅነቱ «ፊደል አልገባ ያለው» ተብሎ የተገረፈና ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ የገባ አባት ወይም አጎት ያለበት ቤተሰብ፣ ያንን የቆየ ታሪክ እንደ ነውር ከመሸፈን ይልቅ ለልጁ መርማሪ ሊነግረው የሚገባ ጠቃሚ መረጃ አድርጎ ቢያየው ይሻላል።

የአማርኛ ፊደል ነገሩን ሌላ መልክ ይሰጠዋል። በእንግሊዝኛ 26 ፊደላት ወደ 44 የሚጠጉ ድምፆችን ለመወከል ስለሚጣመሩና ስለሚለዋወጡ፣ «ቱ» ተብሎ የሚነገረው አንድ ድምፅ እንኳ ሦስት ዐይነት አጻጻፍና ሦስት የተለያየ ትርጉም አለው። በአማርኛ ግን 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት እርባታ 231 ሆነው፣ ዲቃላዎቹም ተጨምረው፣ እያንዳንዱ ምልክት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድ ዐይነት ድምፅ ይሰጣል፤ በተለይ የሚያሳስተው «ገና» እንደሚለው ቃል ላልቶና ጠብቆ ሲነበብ ትርጉሙ የሚለወጥ፣ ሆኖም መላላቱና መጥበቁ በጽሑፍ የማይታይ ቃል ሲያጋጥም ነው። በ2001 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት ዲስሌክሲያ ያለባቸውን የጣሊያን፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ አንባቢዎች ሲያነጻጽር፣ አጻጻፉ ቀጥተኛ በሆነው በጣሊያንኛ የሚያነቡት ስሕተታቸው ያነሰ ሆኖ መገኘቱን፣ በአእምሯቸው ግራ ክፍል የታየው የእንቅስቃሴ ማነስ ግን በሦስቱም ዘንድ አንድ ዐይነት መሆኑን አሳይቷል። ቀጥተኛ አጻጻፍ ችግሩን አያጠፋውም፤ ስሕተትን በዝግታ ይተካዋል እንጂ። ከዚህ በመነሣት አንድ ልጅ አማርኛውን እየተንፏቀቀም ቢሆን ሳይሳሳት ማንበቡ፣ በእንግሊዝኛ የሚታይበት ችግር ዲስሌክሲያ ላለመሆኑ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

የቀድሞዎቹ የፊደል መምህራን እንዲህ ያለውን ልጅ ለመለየት የሚጠቅም መሣሪያ በእጃቸው ነበረ። ልጁ ሀሁን በተራ ዜማ ካወቀ በኋላ ወደ አቡጊዳ ይሸጋገራል፤ አቡጊዳ የፊደሉን የተለመደ ቅደም ተከተል የሚሰብር በመሆኑ፣ ገበታውን በዜማ በቃሉ የያዘው ልጅ ምልክቱን በዓይኑ ለይቶ ከሚያውቀው ልጅ በቀላሉ ይለያል። ዛሬም ወላጅ ከገበታው ላይ ከተራው ውጭ ጣቱን እያሳረፈ «ይህ ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ልጁም ምልክቱን ለማወቅ ከ«ሀ» ጀምሮ እየዘመረ የሚደርስበት ሆኖ ከተገኘ፣ ይህ ከወራት ትምህርት በኋላም ካልተለወጠ፣ አንድ የሚመዘገብ ነገር ተገኘ ማለት ነው። ምርመራውን የሚተካ ባይሆንም ምልክት መሆኑ አያጠራጥርም።

ወላጆች ይህን ምልክት እያዩ የሚዘገዩበት ምክንያት አንድ አይደለም። «ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው ተስፋ አለ፤ መምህር ከወላጅ ይልቅ ያውቃል የሚለው ከአገር ቤት የመጣ አክብሮት አለ፤ ልጁ «ልዩ ፍላጎት» የሚል ስም ከወጣለት በቤተ ክርስቲያንም በእድርም ይወራበታል የሚል ስጋት አለ። እነዚህ ሁሉ ከፍቅር የሚመነጩ በመሆናቸው ወላጅን መውቀሻ ሊሆኑ አይገባም። የመዘግየት ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ በኮኔቲከት ግዛት በ1983 ተጀምሮ ልጆችን ከመዋዕለ ሕፃናት አንሥቶ ለዓመታት የተከታተለው ጥናት እንደሚያመለክተው፣ በ3ኛ ክፍል የንባብ ችግር ከነበረባቸው ልጆች መካከል ከአሥሩ ከሰባት የሚበልጡት 9ኛ ክፍል ሲደርሱም ችግሩ አልተለያቸውም ነበር። እስከ 3ኛ ክፍል ድረስ ልጅ ማንበብን ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሳይንሱንም ታሪኩንም የሚማረው እያነበበ ስለሆነ፣ የንባብ ችግሩ የሁሉም ትምህርት ችግር ይሆናል።

በስደተኛ ቤተሰብ ላይ ደግሞ ሌላ የመዘግየት ምክንያት ይደረባል። ልጁ ሲመዘገብ ወላጅ በሚሞላው ቅጽ ላይ በቤት የሚነገረው ቋንቋ አማርኛ መሆኑ ስለሚሰፍር፣ ትምህርት ቤቱ የልጁን የእንግሊዝኛ ደረጃ ፈትኖ እንደ አስፈላጊነቱ በእንግሊዝኛ ተማሪዎች መርሐ ግብር ውስጥ ያስገባዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚታይበት የንባብ መጓተት ሁሉ «እንግሊዝኛው ሲጠነክር ይስተካከላል» በሚል ምላሽ ሊታለፍ ይችላል። ይህ አባባል በከፊል እውነት አለው። በሥነ ትምህርት ጥናት በስፋት ተቀባይነት እንዳገኘው፣ ልጅ ለዕለት ጨዋታ የሚበቃ ሁለተኛ ቋንቋ በ2 ዓመት ገደማ ሲይዝ፣ ለትምህርት የሚበቃውን ለማግኘት ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። ስለሆነም እንግሊዝኛ ገና በመማር ላይ ያለውን ጤናማ ልጅ እክል አለበት ማለትም ሆነ፣ እክል ያለበትን ልጅ ቋንቋ እስኪለምድ ይጠብቅ ማለት ሁለቱም ልጁን የሚጎዱ ስሕተቶች ናቸው። ሕጉም ሁለቱንም ይከለክላል፦ የእንግሊዝኛ ችሎታ ማነስ እክል አለ ለማለት ወሳኝ ምክንያት መሆን አይችልም፤ ግምገማውም ትክክለኛ ውጤት በሚሰጥ ቋንቋና መንገድ መካሄድ ይኖርበታል።

የእንግሊዝኛ ልምድ ማነስንና እክልን መለየት የሚቻለው ወደ ልጁ አማርኛ በመመልከት ጭምር ነው። እንደ እርሱ አማርኛ እየተናገሩ ያደጉ፣ በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ የጀመሩ ልጆች ወይም የገዛ ወንድምና እኅቶቹ ሲራመዱ እርሱ ብቻ ከቆመ፤ በአማርኛም የሰባቱን ቀናት ስም በተራ መያዝ፣ ቤት የሚመቱ ቃላትን ማግኘት፣ የሚያውቀውን ዕቃ ስም ቶሎ ማስታወስ የሚቸግረው ከሆነ፣ ጉዳዩ የእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ተለክቶ የተዘጋጀን ፈተና በአስተርጓሚ አፍ ወደ አማርኛ መልሶ መስጠት ውጤቱን አስተማማኝ አያደርገውም፤ የቃላቱ ክብደትና የድምፆቹ አሰካክ አብረው ስለሚለወጡ ነው። የወላጅ ቃል ከፍተኛ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

እስካሁን የተጠቀሰው ሕግ በ1975 በፕሬዚዳንት ፎርድ ፊርማ የጸደቀው፣ በ1990 አይዲኢኤ የሚል ስም የተሰጠውና ለመጨረሻ ጊዜ በ2004 በሰፊው የተሻሻለው የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ሕግ ነው። ሕጉ ከ3 እስከ 21 ዓመት ያሉ፣ እክል ያለባቸውና በእክሉ ምክንያት ልዩ ትምህርት የሚያስፈልጋቸው ልጆች ያለ ክፍያ ተገቢ ትምህርት እንዲያገኙ ይደነግጋል፤ ከዘረዘራቸው የእክል ዐይነቶች መካከል «የተለየ የመማር እክል» የሚለውን ሲተረጉምም ዲስሌክሲያን በስም ይጠራል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ቃሉን በሰነድ ላይ መጻፍ ያልተፈቀደ አድርገው ያቀርቡ ስለነበር፣ የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት በጥቅምት 2015 ባወጣው ደብዳቤ ይህን የሚከለክል ሕግ አለመኖሩን አስታውቋል። የልጁ ወይም የወላጁ የመኖሪያ ፈቃድ ሁኔታ በዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ሰነድ የሌላቸው ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሊከለከሉ እንደማይገባ ወስኗል።

የወላጅ ደብዳቤ የሚያስፈልገው ሕጉ የሚሠራው በቀን ቆጠራ ስለሆነ ነው። በወላጅና መምህር ስብሰባ ላይ ወይም በኮሪደር የተነገረ ስጋት፣ መምህሯ ቅን ብትሆንም እንኳ፣ በማግስቱ ምስክር የለውም፤ ቀን ተጽፎበት ለርእሰ መምህሩ ወይም ለልዩ ትምህርት ኃላፊው የገባ ደብዳቤ ግን መልስ ይጠይቃል። ደብዳቤው ረጅም መሆን አያስፈልገውም፤ የልጁን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና ክፍል ይዞ፣ ወላጁ ዲስሌክሲያ ሊኖር ይችላል ብሎ እንደሚሰጋና ልጁ ለልዩ ትምህርት አገልግሎት ብቁ መሆን አለመሆኑ በሙሉ ግምገማ እንዲታወቅ እንደሚጠይቅ በግልጽ ከተናገረ፣ ቀጥሎም በቤት የታየውን በሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ካሰፈረ ይበቃል። «እርዱልኝ» ወይም «ትኩረት ይሰጠው» የሚሉት ቃላት ጨዋነት ያላቸው ቢሆኑም ሕጉ ለይቶ የሚያውቃቸው አይደሉም፤ ሊታለፍ የማይገባው ቃል «ግምገማ» ነው። ቅጂው በቤት ይቀመጣል፣ የተሰጠበት ቀንም ይመዘገባል።

ትምህርት ቤቱ ጥያቄውን ከተቀበለ የወላጁን ፈቃድ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ግምገማው ፈቃዱ ከተሰጠ በ60 ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ ሲኖርበት፣ ግዛቶች የራሳቸውን ጊዜ መወሰን ስለሚችሉ በቨርጂኒያ ለምሳሌ ጥያቄው ለሚመለከተው ኃላፊ ከደረሰ በኋላ 65 የሥራ ቀናት ተቀምጧል። ትምህርት ቤቱ አልገመግምም ካለ ደግሞ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት ግዴታው ነው፤ ወላጁም ያንን ወረቀት ይዞ ሊከራከር ይችላል። በመካከል ብዙ ጊዜ የሚሰማው «መጀመሪያ በክፍል ውስጥ ተጨማሪ ድጋፍ ሰጥተን እንየው» የሚለው መልስ ነው። ተጨማሪ ድጋፉ መልካም ነው፤ ሆኖም የፌዴራሉ ልዩ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጥር 2011 ለግዛቶች እንደጻፈው፣ እንዲህ ያለው ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ ድጋፍ ግምገማን ለማዘግየት ወይም ለመከልከል ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ።

ብዙ ወላጆች በፈቃድ መስጫው ወረቀት ላይ ሲደርሱ እጃቸው ይያዛል፤ ፈረምን ማለት ልጃችን ከጓደኞቹ ተለይቶ ሌላ ክፍል ይገባል ማለት ነው ብለው ስለሚፈሩ ነው። ለግምገማ መፍቀድ ለአገልግሎት መፍቀድ አይደለም፤ አገልግሎቱ ሌላ ፊርማ ይጠይቃል፣ ወላጁም ሊነፍገው ወይም በኋላ ሊያነሳው ይችላል። ሕጉ እክል ያለባቸው ልጆች በተቻለ መጠን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ክፍል እንዲማሩ የሚያዝ በመሆኑም፣ የንባብ እርዳታ የሚሰጠው ልጅ አብዛኛውን የትምህርት ቀን ከጓደኞቹ ጋር ማሳለፉ የተለመደ ነው።

ፍርሃቱን የሚያባብሰው አንዳንድ ጊዜ ትርጉም ነው። በሕጉ ውስጥ እክልን የሚያመለክተው የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ በአብዛኛው «አካል ጉዳት» ይባላል፤ እጅ እግሩ ሙሉ የሆነ፣ ኳስ የሚጫወት ልጅ ያላት እናት በስብሰባ ላይ ልጇ «አካል ጉዳተኛ» መባሉን ስትሰማ ብትደነግጥና ወረቀቱን ብትገፋ አይፈረድባትም። በዚህ ቦታ «የመማር እክል» ወይም በቀጥታ «የንባብ ችግር» ቢባል ኖሮ እናቲቱ ስለምታውቀው ነገር እንደሚነገራት ትረዳ ነበር፤ ስለዚህ የአማርኛ አስተርጓሚዎች ይህን አንድ ቃል ሊጠነቀቁበት ይገባል። ትምህርት ቤቱ የወላጅ መብቶችን የሚያስረዳውን ሰነድ በወላጁ ቋንቋ የመስጠትና በስብሰባ አስተርጓሚ የማቅረብ ኃላፊነት አለበት። በዋሽንግተን ዲሲ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛን ያካተተ አሠራር አስገኝቷል፤ በአጎራባቹ የሜሪላንድ ሞንትጎሜሪ ካውንቲም የትምህርት ቤቶቹ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ይተረጎማሉ። ልጁ ስለ ራሱ በሚደረግ ስብሰባ ወላጆቹን ማስተርጎም የለበትም፤ ታላቅ እኅቱም እንዲሁ።

ግምገማው ልጁ ብቁ መሆኑን ካሳየ በ30 ቀናት ውስጥ ስብሰባ ተደርጎ አይኢፒ የሚባለው የግል የትምህርት ዕቅድ ይወጣል፤ ወላጅም በዕቅዱ ላይ የቡድኑ ሙሉ አባል ነው። በውጤቱ ያልተስማማ ወላጅ በትምህርት ወረዳው ወጪ ገለልተኛ ግምገማ ሊጠይቅ ይችላል፤ ወረዳው ደግሞ ወይ መክፈል ወይ የራሱን ግምገማ ትክክለኛነት በችሎት ማስረዳት ይጠበቅበታል። ልዩ ትምህርት የማያስፈልገው ነገር ግን እክል ያለበት ልጅ በ1973ቱ የመልሶ ማቋቋም ሕግ ክፍል 504 መሠረት የፈተና ጊዜ ጭማሪንና የመሳሰለውን ማመቻቸት ያገኛል።

በዕቅዱ ውስጥ ወላጅ በጥንቃቄ ሊያየው የሚገባው የሰዓቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን የትምህርቱ ዐይነት ነው። ለዲስሌክሲያ የሚሠራው ትምህርት ድምፅንና ምልክትን ከቀላሉ ወደ ከባዱ በቅደም ተከተል፣ በግልጽና ደጋግሞ የሚያስተምር፣ ዓይንን፣ ጆሮንና እጅን አብሮ የሚያሠራ ነው፤ ሳሙኤል ኦርተንና አና ጊሊንግሃም በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የጀመሩት መንገድ የብዙዎቹ መርሐ ግብሮች አባት ነው። ባለቀለም መነጽርና የዓይን ልምምድ ግን ዲስሌክሲያን እንደሚያድኑ የሚያሳይ ማስረጃ አለመኖሩን የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከዓይን ሐኪሞች ጋር በ2009 ስለገለጸ፣ ወላጅ ለዚህ ገንዘቡን ባያባክን ይመረጣል። በዕቅዱ ላይ «ንባቡ ይሻሻላል» የሚል ግብ ከተጻፈ ወላጁ በቁጥር እንዲለወጥ ይጠይቅ፤ ዛሬ በደቂቃ ስንት ቃል በትክክል ያነባል፣ በዓመቱ መጨረሻስ ስንት ይደርሳል? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 በሰጠው ውሳኔ ዕቅዱ የልጁን ሁኔታ ያገናዘበ እውነተኛ መሻሻል ለማምጣት የታለመ መሆን እንዳለበት አስረግጧል። እስከዚያው ልጁ ከዕውቀት እንዳይራብ፣ ቡክሼር የተባለው አገልግሎት የንባብ እክል ላለባቸው የአሜሪካ ተማሪዎች መጻሕፍትን በድምፅ ጭምር ያለ ክፍያ ያቀርባል።

በዚህ ሁሉ መካከል አንዳንድ ቤተሰብ ልጁን ለማገዝ በማሰብ አማርኛ መናገሩን ያቆማል፤ ይህ ግን የሚጠቅም መንገድ አይደለም። ሁለት ቋንቋ መናገር ዲስሌክሲያን አያመጣም፣ አማርኛን መተውም አያድነውም፤ ልጁ በአማርኛ የሚሰማው ተረት፣ እንቆቅልሽና የአያት ወግ ገና ማንበብ ያልቻለውን መጽሐፍ ቦታ የሚይዝ የቃላትና የሐሳብ ስንቅ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሜና እሑድ ፊደል የሚያስተምሩት መምህራንም ለልጁ ግምገማ የሚሆን ዕውቀት አላቸው። ሕጉ የግምገማው ቡድን ከወላጅ የሚመጣውን መረጃ እንዲመለከት ስለሚያዝ፣ ልጁ ስንት ወር ፊደል እንደተማረ፣ የትኞቹን ምልክቶች እንደሚያምታታ፣ ከተራ ውጭ ሲጠየቅ ምን እንደሚሆን፣ አብረውት የጀመሩት የት እንደደረሱ የፊደል መምህሩ በአማርኛ ጽፎ ቢፈርምበትና ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ቢቀርብ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሰጥ ፈተና የማያየውን የልጁን ግማሽ ገጽታ ለገምጋሚዎቹ ያሳያቸዋል።